አራዳ የማን እጅ ሥራ ናት?

«አራዳ» የሚለው ቃል ዛሬ የሚገልጸው ሰውን ነው። ነቄ የሆነ፣ አፉ የፈታ፣ አለባበሱን የሚያውቅ፣ በማንም የማይሸወድ ሰው አራዳ ይባላል። የፋራ ተቃራኒ መሆኑ ነው። ቃሉ ግን የሰው ጠባይ ከመሆኑ በፊት የቦታ ስም ነበር፤ ቦታውም ገበያ። በምኒልክ ዘመን አራዳ ማለት ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተዘረጋው የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ነው። እህሉ፣ በርበሬው፣ ማሩ፣ አሞሌ ጨው፣ ሸማው፣ በቅሎው፣ ማረሻውና ማጭዱ የሚሸጠው እዚያ ነበር። ነጋድራሱ ቀረጡን የሚሰበስበውም እዚያው ነበር። ከየአገሩ የመጣ ሰው እየተጋፋ፣ እየተከራከረ፣ እየተሸወደና እየሸወደ የሚውልበት ሜዳ ነው። እንግዲህ ሰው እዚያ ውሎ ነቄ ካልሆነ የት ሊሆን ነው?

ፒያሳን የሚወድ ሰው ስለ ፒያሳ ሲጠየቅ የሚያነሳው ግን ይህንን አይደለም። ሲኒማ ኢምፓየርን፣ ሲኒማ ኢትዮጵያን፣ ማኪያቶውን፣ ወርቅ ቤቶቹን፣ የውቤ በረሃን ሌሊት ይነግርሃል። ይህ ትዝታ ውሸት አይደለም፤ እኔም የምጋራው ነው። ግን ጎደሎ ነው። የሚዝናናውን ሰው ያስታውሳል፣ የሚሠራውን ሰው ይረሳል። ልብሱን የሰፋው፣ ጫማውን የደበደበው፣ ወርቁን ያቀለጠው፣ ጋዜጣውን ያተመው ሰው የት ይኖር ነበር? እዚያው ነበር፤ ከሲኒማው ጀርባ፣ ከወርቅ ቤቱ በታች፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ወደ ወንዙ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰው ነው።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስንሄድ ራስ መኮንን ድልድይን እንሻገራለን። ከሥሩ ከቀጨኔ በኩል የሚወርደው ወንዝ ያልፋል። ድልድዩ የተጠራበትን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል የሐረር ገዢ፣ የአድዋ ጦር አዝማች፣ የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ አባት ናቸው። በ1898 ዓ.ም. አረፉ። በአካባቢው ያለው ሌላው ስም ደግሞ ሠራተኛ ሰፈር ነው። ይህንን ስም በቀን ስንት ጊዜ ሰምተነው ይሆናል፤ «የትኞቹ ሠራተኞች?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ የአዲስ አበባን ቀደምት ሰፈሮች ባጠኑበት ሥራቸው፣ ሰፈሮቹ ስም ያገኙበትን መንገድ ለይተው አሳይተዋል። አንዳንዱ በመኳንንት ስም ተጠራ፤ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ደጃዝማች ውቤ ሰፈር። አንዳንዱ በመጡበት አገር ወይም በብሔረሰባቸው፤ አደሬ ሰፈር፣ ዶርዜ ሰፈር። ሌላው ደግሞ በቤተ መንግሥቱ ሥራ ክፍል፤ ዘበኛ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር። ነገሩ የሚገባን «ሰፈር» የሚለውን ቃል በደንብ ካየነው ነው። ሰፈረ ማለት ጦር ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተደራጀችው እንደ ጦር ሰፈር ነበር። ንጉሡ መሃል ላይ፣ መኳንንቱ በየጉብታው፣ በመኳንንቱ ዙሪያ ደግሞ ተከታያቸው። ድንኳኑ ቀስ በቀስ ጎጆ ሆነ፣ ጎጆው ቆርቆሮ ለበሰ፤ አሰፋፈሩ ግን አልተለወጠም።

በዚህ አሰፋፈር ውስጥ ሠራተኛ ሰፈር ለቤተ መንግሥቱ በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ቦታ ነበር። ቤተ መንግሥት የሚባለው ነገር ዙፋንና ግብር ብቻ አይደለም። ኮርቻ ይሰፋለታል፣ ጦርና ጎራዴ ይሳልለታል፣ የተሰበረ ጠመንጃ ይጠገንለታል፣ በር ይጠረብለታል፣ ሸማ ይሸመንለታል፣ ጌጥ ይነጠርለታል። በዛሬ ቋንቋ ብናገር፣ ሠራተኛ ሰፈር የቤተ መንግሥቱ የኢንዱስትሪ ቀጠና ነበር። ጭስ ማውጫ አልነበረውም፤ ወናፍ ግን ነበረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የጌታው ሰፈር የጌታውን ስም ያዘ። የሠራተኛው ሰፈር ግን የያዘው የሥራውን ስም ነው። ከዚያ ሁሉ አንጥረኛ፣ ከዚያ ሁሉ ሸማኔ አንድም ሰው በስሙ ሰፈር አልተሰየመለትም። ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። በአገራችን ለረጅም ዘመን በእጁ የሚሠራ ሰው የሚፈለግ እንጂ የሚከበር አልነበረም። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ ይባላል፤ ቃሉ ብልህ ማለት ነው ቢባልም ሲነገር ስድብ ነው። ማታ ጅብ ይሆናል፣ ሰው ይበላል፣ ቡዳ ነው ይባላል። ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ነው። ሸማኔውም የራሱ መሰደቢያ አለው። ገበሬው በሱ ማረሻ ያርሳል፣ ካህኑ በሱ መስቀል ይባርካል፣ ወታደሩ በሱ ጦር ይዋጋል፤ ከሱ ጋር መጋባት ግን ነውር ነው።

ምኒልክ ይህ ነገር አገር እንደሚያደኸይ ገብቷቸው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። አዋጁ ስድቦቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ ነጋዴውን፣ ገበሬውንም ሳይቀር ሰው በምን በምን እንደሚሰድበው ይዘረዝራል። ከዚያ የሰውን ሁሉ መነሻ ወደ አዳምና ሔዋን ወስዶ፣ ሁሉም ከአንድ የመጣ መሆኑን ያስታውሳል። የሌላው አገር ሰው ሥራ የሠራን እያከበረ እንደሠለጠነ፣ የኛ ግን ብልሁን እየሰደበ ሥራ እንዳስጠላ ይወቅሳል። በመጨረሻም ሠራተኛን የሚሰድብ ንጉሡን እንደሰደበ እንደሚቆጠር አስታውቆ፣ ቅጣቱን የ1 ዓመት እስራት ያደርገዋል።

እኔ ይህንን አዋጅ ባነበብኩት ቁጥር የምደነቀው በቅጣቱ አይደለም፤ በዝርዝሩ ነው። ስድቡ ምን ያህል ቢሰፋ ነው ንጉሥ ቁጭ ብሎ መቁጠር የጀመረው? ደግሞም እዩት፤ ስድቡ ማንንም አልማረም። የሚያርሰውም፣ የሚነግደውም፣ የሚጽፈውም ተሰዳቢ ነው። የማይሰደበው የማይሠራው ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩን ለመመዘን ሩቅ አገር ያለ አንድ ከተማ ላንሳ። ከፓሪስ በስተሰሜን፣ ከከተማዋ ወሰን ወጣ ብሎ ሳን ዴኒ የሚባል ከተማ አለ። የፈረንሳይ ነገሥታት ከጥቂቶቹ በቀር የተቀበሩት በዚያ ባለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለዘመናት የሳን ዴኒ ክብር መቃብር ጠባቂነቱ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን የውሃ ቦይ ተቆፈረለት፤ በኋላ የባቡር ሐዲድ መጣለት። ፓሪስ ጭሱንና ሽታውን በደጇ እንዲሆን የማትፈልገውን ሥራ ሁሉ ወደዚያ ገፋችው። የጋዝ ፋብሪካ፣ የብረታ ብረትና የኬሚካል ፋብሪካ፣ የፕሌየል ፒያኖ ፋብሪካ፣ የክሪስቶፍል የብር ዕቃ ፋብሪካ እዚያ ተተከሉ። ሠራተኛው መጀመሪያ ከብሪታኒ ገጠር መጣ፤ ቀጥሎ ከስፔንና ከጣሊያን፣ ከዚያ ከአልጄሪያና ከሌላው አፍሪካ። ፓሪስ በፒያኖው ተጫወተች፣ በብር ማንኪያው በላች፤ ፒያኖና ማንኪያ ሠሪው ግን ከወሰኗ ውጭ አደረ።

የኛዋ አራዳ ከዚህ ጋር የምትመሳሰለውም የምትለየውም እዚህ ላይ ነው። የምትመሳሰለው፣ እሷም ከየአቅጣጫው በመጣ እጅ የተሠራች በመሆኗ ነው። ሸማኔው ከጋሞ ደጋ፣ ነጋዴውና ባለሙያው ከጉራጌ፣ ከሐረር፣ ከጎንደር መጣ። ከባሕር ማዶ ደግሞ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ፣ የመናዊው። የምኒልክን ዘውድ ከሠሩት አንዱ ዲክራን ኤበያን የሚባል አርመን አንጥረኛ ነው። ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ ሞተር በሕዝቡ አፍ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ቀረ። የአድዋ ድል መታሰቢያ እንዲሆን የተሠራውን የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ግንባታ የመራው ሰባስቲያኖ ካስታኛ ጣሊያናዊ ነበር። አድዋ ላይ ጣሊያን ተሸነፈ፤ የድሉን መታሰቢያ የገነባው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ሆነ። አራዳ እንዲህ ያለች ቦታ ነበረች።

የምትለየው ደግሞ በሩቀት ነው። የፓሪስ ሠራተኛ ከፓሪስ ውጭ ነበር፤ የአራዳ ሠራተኛ ግን አራዳ ውስጥ ነው። ከጌታው ግቢ አጥር ሥር፣ ከባንኩ ጀርባ፣ ከሆቴሉ አጠገብ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የጣይቱ ሆቴል ሲከፈት፣ በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው የፈረንሳዮች ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ፣ በ1914 ዓ.ም. ከድልድዩ ወዲያ በአራት ኪሎ በኩል ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሲቋቋም፣ የሚሠራው ሰው የሚመጣው በእግሩ ነበር። ሀብታምና ድሃ ጎን ለጎን የመኖሩ ነገር አዲስ አበባን ከብዙ የቅኝ ግዛት ከተሞች የለያት ዋና ጠባይ ነው። ፍቅር ስለነበረ አይደለም። ጌታው አገልጋዩን አጠገቡ ስለሚፈልገውና አሰፋፈሩ ይህንን ስላደረገው ነው። ውጤቱ ግን የጌታውም የሠራተኛውም ልጅ ያንኑ ቁልቁለት ይወርድ ነበር፤ ያንኑ ወንዝ ይሻገር ነበር።

ይህንን በግልጽ ለማፍረስ የመጀመሪያው ሙከራ የጣሊያን ነበር። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ፋሽስት ከተማይቱን በዘር ለመክፈል ፕላን አወጣ። ነጩ ከላይና መሃል፣ «አገሬው» ደግሞ ወደ ምዕራብ። የአራዳ ገበያ ተነቅሎ ወደ አዲስ ከተማ ሄደ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው እሱ ነው። የአራዳ እምብርትም በጣሊያንኛ ፒያሳ ተባለች። ሁለቱም ስሞች፣ መርካቶም ፒያሳም፣ የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.ና በቀጣዮቹ ቀናት የተፈጸመው ጭፍጨፋም በእነዚሁ ሰፈሮች ውስጥ አልፏል፤ ጎጆው ከነሰዉ ተቃጠለ። ጊዮርጊስም ሳይቀር በእሳት ተያያዘ።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሄደ፤ ፕላኑ ግን ሙሉ በሙሉ አልሄደም። ገበያው እዚያው መርካቶ ቀረ። ፒያሳ ዘመናዊ ሱቅ፣ ሲኒማና ካፌ የበዛባት ሆነች። ጅምላው፣ ጭነቱ፣ ጋሪው ወደ ታች ወረደ፤ መስታወቱና መብራቱ እዚህ ቀረ። ሠራተኛው ግን ቤቱን አልለቀቀም። ቤተ መንግሥቱን ያገለግል የነበረው እጅ አሁን ደንበኛ ማገልገል ጀመረ። ልብስ ሰፊው፣ ሰዓት አዳሹ፣ ጫማ ሠሪው፣ ማኅተም ቀራጩ፣ ወርቅ ሠሪው፣ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚው። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው ቀለበት ከኋላው ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተሠራ ነበር። ያ የፒያሳ ውበት የምንለው ነገር ከፊቱ ሱቅ፣ ከኋላው ወርክሾፕ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ርካሾቹ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፣ ትልልቆቹን ኪራይ ቤቶች ያዘ። ለፒያሳ ቁልቁለት ሰው ይህ ሁለት ፊት ያለው ነገር ነበር። አንደኛው ፊት፣ በጣም ዝቅተኛ በሆነ ኪራይ መሃል ከተማ ላይ መኖር ቻለ። ጫማ የሚጠግን ሰው ከባንክ ሥራ አስኪያጅ እኩል ፒያሳ ላይ አድራሻ ኖረው። በብዙ የዓለም ከተሞች ገበያው ድሃውን ከመሃል በሚያስወጣበት ዘመን እዚህ አዋጁ አስቀመጠው። ሁለተኛው ፊት፣ ቤቱ የማንም አልነበረም። ተከራዩ የሱ ስላልሆነ በገንዘቡ አያድሰውም፤ ቀበሌው በዚያች ኪራይ ሊያድሰው አይችልም። ጣሪያው ዛገ፣ ጭቃው ረገፈ፣ ቤተሰቡ ሲበዛ ቆጥ ተሠራ፣ ከአጥሩ ጋር ማድቤት ተለጠፈ። መጸዳጃው የብዙ አባወራ የጋራ ነበር። ወንዙም የሁሉ ቆሻሻ ተሸካሚ ሆነ። ሠራተኛ ሰፈርን፣ ዶሮ ማነቂያን፣ እሪ በከንቱን የሚያስጌጥ ትዝታ ይህንን መርሳት የለበትም። በክረምት ጎርፍ ቤቷ የገባባት እናት ትዝታችንን አትጋራም።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ የአድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። በዚያው ሰሞን የኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራ ተጀመረና የፒያሳና የአካባቢዋ ሰፈሮች በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። ነዋሪው እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ የከተማዋ ጠርዞች ሄደ። መንገዱ ሰፋ፣ የእግረኛው መሄጃ ተነጠፈ፣ መብራቱ በራ። የሄዱትን አንዳንዶቹን አግኝቼ አነጋግሬያለሁ። አንዲት እናት ሽንት ቤቷ ለራሷ ብቻ መሆኑን ደጋግመው ነገሩኝ፤ በምሬትም በደስታም። «ቤቱማ ቤት ነው ልጄ፤ ምን ይወጣለታል። ግን ማን ይመጣልኛል?» አሉኝ። መጀመሪያ የመሰለኝ የጎረቤት ናፍቆት ነበር። እሳቸው ያሉት ስለ ደንበኛ ነው። ድሮ በራቸው ላይ እንጀራ ይሸጡ ነበር፤ ከቢሮ የሚወጣው ሰው እያለፈ ይገዛቸዋል። አሁን በራቸው ላይ የሚያልፍ ሰው የለም።

ይህ ነው የአራዳ ምሥጢር። የድሃ ሰው ሀብት ቤቱ አይደለም፤ ቤቱ ያለበት ቦታ ነው። ጫማ ጠጋኙ ቁስጣ ብቻ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ የተቀደደ ጫማ የሚያደርገውን መንገደኛ ግን ይዞ አይሄድም። ፕላን የሚያወጣ ሰው በካሬ ሜትር ይለካል፤ ከካሬ ሜትር አንጻር ብዙዎቹ አትርፈዋል። የእግር መንገድ ግን በካሬ ሜትር አይለካም።

ወደ ሳን ዴኒ ልመለስ። ፋብሪካዎቹ በተለይ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየተዘጉ ሄዱ። ከተማው ጭሱ ሲጠፋለት ሥራውም ጠፋ። በ1998 (እ.ኤ.አ.) የቀድሞው የጋዝ ፋብሪካ ቦታ ላይ ስታድ ደ ፍራንስ ተከፈተ፤ ፈረንሳይ ብራዚልን 3 ለ 0 አሸንፋ የዓለም ዋንጫ ያነሳችው እዚያ ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ለኦሎምፒክ ሌላ ግንባታ መጣ፤ የኛ ፒያሳ በፈረሰችበት ዓመት መሆኑ ነው። ሳን ዴኒም አሁን የቤት ዋጋ ይጨምራል፣ ይህ ሁሉ ለማን ነው ይባላል። ያም ሆኖ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ እዚያ ሥራው ሄደ፣ ሰው ቀረ። የፒያኖ ሠሪው፣ የብረት ቀጥቃጩ የልጅ ልጅ አሁንም በዚያ ከተማ ይኖራል፣ በከተማው ምክር ቤት ይከራከራል፣ የፋብሪካው ቅጥር ቅርስ ይሁን አይሁን ብሎ ይሟገታል። እዚህ ግን ሰው ሄደ፣ ስም ቀረ። ሠራተኛ ሰፈር የሚለው ስም ሠራተኛ ሳይኖረው ሊኖር ነው።

እኔ የድሮው ይመለስ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የዛገ ቆርቆሮ ቅርስ ነው የሚለኝን አልሰማውም፤ እሱ ራሱ አላደረበትም። የምለው ሌላ ነው። አራዳን ሦስት ጊዜ ነቅንቀናታል፤ በፋሽስት ፕላን፣ በአብዮት አዋጅ፣ በኮሪደር። በሦስቱም ጊዜ ውሳኔው የተጻፈው ስለ መሬት፣ ስለ ቤትና ስለ መንገድ ነበር። ስለ ሥራ የጻፈ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የ1900ው አዋጅ። ያም ቢሆን ስድብን ከለከለ እንጂ ለሠራተኛው ቦታ አልሰጠውም። ዛሬ ሠራተኛን የሚሰድብ ጥቂት ነው። ሳንሰድበው ግን እናልፈዋለን፤ አዲሱን ጎዳና ስንነድፍ የጫማ ጠጋኙን አንድ ሜትር፣ የልብስ ሰፊውን አንዲት በረንዳ ስናስቀር ማንም አይቀጣንም። አዲሶቹ ሕንጻዎች ምድር ቤት ላይ ለእጅ ባለሙያ የሚሆን ጠባብ፣ ርካሽ ክፍል መተው ከባድ አይደለም። ገላን ጉራ ላይም ቤት ብቻ ሳይሆን ገበያ መትከል ይቻላል። መቶ ዓመት ካለፈው ስሙ ላይ አንድ ድንጋይ ማቆምም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ድንጋዩ ላይ የሚጻፈው የማንም ጌታ ስም አይሁን፤ ሙያቸው ይዘርዘር፦ አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ኮርቻ ሰፊ፣ አናጺ፣ ግንበኛ፣ ፊደል ለቃሚ።